ፍሊቱን ከመንፋታችን በፊት
ለድሬዳዋ ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር በአብዛኞቻችን ቤት አለ። አንዱ ጋ ከአልጋ ሥር የቆመ ቆርቆሮ ነው፤ ሌላው ጋ ከገበያ በወረቀት ተጠቅልሎ የመጣ ዱቄት፣ ሌላው ጋ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ስሙ የማይታወቅ ፈሳሽ ነው። ማታ ፍሊት ይነፋል፣ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ቤተሰቡ ጥቂት ውጭ ቆይቶ ይገባል። ጠዋት ልጁ ክንዱን እያከከ ይነሣል። በሳምንቱ ሌላ ቆርቆሮ ይገዛል።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። በቤታችን የምንረጨው ፀረ ነፍሳት የሚባክነው ብዙ ጊዜ ኬሚካሉ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ልንገድለው የፈለግነው ነፍሳት የት እንደሚያርፍ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚነክስና የት እንደሚፈለፈል ሳንጠይቅ ስለምንረጭ ነው። የባከነውም ተኖ አይጠፋም። በፍራሹ፣ በመሶቡና ሕፃኑ በሚድህበት ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ስለ ኬሚካሎቹ የሆነውን ያህል ስለ ነፍሳቱም ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት የቤት ፀረ ነፍሳት ዘራቸው በአብዛኛው ከአንዲት አበባ ይመዘዛል። ፓይረትረም ትባላለች፤ መሐሏ ቢጫ፣ የአበባ ቅጠሎቿ ነጭ ናቸው። በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በዳልማሽያ ሰዎች አበባዋን አድርቀውና ፈጭተው ለቁንጫና ለትኋን ይነሰንሱት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጎረቤታችን ኬንያ በደጋ መሬቷ እያመረተች የዓለም ዋነኛ አቅራቢ ሆነች። በጃፓን ኤይቺሮ ኡዬያማ የተባለ ነጋዴ በ1890 ገደማ የአበባውን ዱቄት አቡክቶ እንደ ጧፍ ቀጭን አድርጎ የሚጨስ ነገር ሠራ፤ ግን ሌሊቱ ሳይጋመስ ነዶ ያልቅ ነበር። መላውን ያመጣችው ባለቤቱ ዩኪ ናት፤ ጠምዝዘህ ሥራው አለችው። ተጠምዝዞ የሚጨሰው የትንኝ ማባረሪያ በ1902 ገበያ ላይ ዋለ፤ ዛሬ በእኛም ሱቆች የሚሸጠው ያው ነው፤ አንዱ ጥምዝምዝ ሰባት ስምንት ሰዓት ይጨሳል።

የአበባው መርዝ ግን ፀሐይ ሲነካው ቶሎ ይፈርሳል፤ በዝናብና በበሽታ ምክንያት የአበባው ምርትም ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ኬሚስቶች አስመስለው መሥራት ጀመሩ። በ1949 አሜሪካ ውስጥ አሌትሪን ተሠራ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በእንግሊዝ ሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ ማይክል ኤሊየትና ባልደረቦቹ ፔርሜትሪንንና ዴልታሜትሪንን አገኙ። እነዚህ ፀሐይ ቶሎ የማያፈርሳቸው፣ በጥቂት መጠን የሚገድሉ ናቸው። ከአበባው አምሳያ የተሠሩት ሁሉ በአንድነት ፓይረትሮይድ ይባላሉ። እቤታችሁ ያለውን ቆርቆሮ ገልብጣችሁ ብታነቡ ሳይፐርሜትሪን፣ ቴትራሜትሪን፣ ኢሚፕሮትሪን፣ ፔርሜትሪን የሚሉ ስሞች ታገኛላችሁ። ስሙ ይለያይ እንጂ ቤተሰቡ አንድ ነው። አጎበሮቻችን የተነከሩበትም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

እንዴት ይገድላል? ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው ሶዲየም የሚያልፍባቸው እጅግ ጥቃቅን በሮች ተከፍተው ወዲያው ሲዘጉ ነው። ፓይረትሮይድ በሩ እንዳይዘጋ ቀስፎ ይይዘዋል። ነርቩ ያለ ዕረፍት መልእክት መላክ ይጀምራል፤ ነፍሳቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፣ ሽባ ሆኖ ይሞታል። የሰው ነርቭም ያው በር አለው። የሚያድነን ጉበታችን ኬሚካሉን ቶሎ ሰባብሮ ማስወጣቱ፣ ሰውነታችንም ትልቅና ሞቃት መሆኑ ነው። ድመት ግን ይህ የጉበት አቅም ይጎድላታል፤ ለውሻ ቁንጫ የተሠራ ፔርሜትሪን ድመት ላይ ቢደረግ ሊገድላት ይችላል። ዓሣና ንብም በጥቂቱ ያልቃሉ። የመርጫ ዕቃ በወንዝ ወይም በጉድጓድ ውኃ ዳር አይታጠብ የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙዎቹ ቆርቆሮዎች ውስጥ ሁለት ዓይነት ኬሚካል አለ፤ አንዱ ነፍሳቱን ቶሎ የሚጥለው፣ ሌላው የሚገድለው። የወደቀ በረሮ ሁሉ የሞተ አይደለም፤ ጥቂት ብቻ የነካው ከቆይታ በኋላ ነፍስ ዘርቶ ይሄዳል። የወደቀውን ጠርጎ ማቃጠል ወይም መጣል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። የቤት ውስጥ ኬሚካል ታሪካችን ያለ ዲዲቲ አይነገርም። ዲዲቲ መጀመሪያ የተሠራው በ1874 ነው፤ ነፍሳት ገዳይነቱን ያወቀው ግን ስዊሳዊው ፓውል ሙለር በ1939 ሲሆን፣ ለዚሁም በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1958 በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር፣ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሞተ ተብሎ ተገምቷል። መኸር የሚሰበስብ ጠፍቶ እህሉ ማሳ ላይ የቀረበት ዘመን ነበር። በቀጣዩ ዓመት በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ የወባ ማጥፊያ ሠራተኞችም መርጫ ታንካቸውን በጀርባቸው አዝለው በየመንደሩ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዲዲቲ የግድግዳችን እንግዳ ሆነ፤ በኋላም አዳሚ ቱሉ ላይ ባለው ፋብሪካ ይዘጋጅ ጀመር።

ዘመቻው የሠራበትን ምክንያት ልብ በሉ። ሠራተኞቹ የረጩት አየሩን አልነበረም። ግድግዳውንና የጣሪያውን ውስጥ ነበር። ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊያችን፣ አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትባለው ትንኝ፣ ደም ከጠጣች በኋላ ሆዷ ስለሚከብዳት ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ኬሚካሉ እዚያ ይጠብቃታል። ትነክስ ይሆናል፤ ነገር ግን የወባው ተሕዋስ በሆዷ ጎልምሶ ወደ ምራቋ እስኪደርስ ድረስ አሥር ቀንና ከዚያም በላይ ያስፈልጋልና ሌላ ሰው ሳታስይዝ ትሞታለች። ርጭቱ ጎረቤትን ጭምር የሚጠብቀው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ የገጠርና የከተማ ዳር ቤቶቻችን ርጭቱን በገዛ እጃቸው ያከሽፉታል። ርጭቱ የሚካሄደው የወባው ወቅት ከመግባቱ በፊት፣ በክረምቱ መጨረሻ ገደማ ነው። ያኔ ደግሞ እናቶች ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤት የሚያሰማምሩበት ጊዜ ነው። የተረጨው ግድግዳ በጭቃና በእበት ይለሰናል፣ ወይም ኖራ ይቀባል፤ ኬሚካሉ ከልስኑ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ቤት ማሳመር ነውር የለበትም፤ ልስኑ ከርጭቱ በፊት ይሁን ነው የምንለው። የርጭት ሠራተኞችም ቀናቸውን አስቀድመው ቢነግሩ፣ በዓሉን አስበው ቢመጡ፣ ሴቶቹን ጠይቀው ፕሮግራም ቢያወጡ የጠፋው ኬሚካል በዳነ ነበር። ጥፋቱን በባለቤቲቱ ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይመስለኝም።

ዲዲቲ ምን ጎዳ? አይፈርስም። በአፈር፣ በስብና በወተት ይከማቻል። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ራቸል ካርሰን በ1962 ይህን ለዓለም ካሳወቀች በኋላ አሜሪካ በ1972 ከለከለችው፤ በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ደግሞ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በቀር እንዳይሠራበት ወሰነ። በእኛ አገር ግን ከርጭት ዘመቻው ሾልኮ እርሻ ውስጥ ገባ። በጫት ቅጠል ላይ ቅሪቱ በምርመራ ተገኝቷል፤ በጅማ አካባቢ በተደረገ ጥናትም በእናት ጡት ወተት ውስጥ ታይቷል። ለድሬዳዋ ሰው የጫቱን ነገር ስነግር ሩቅ ነገር እንደማላወራ ታውቃላችሁ።

በመጨረሻም ትንኟ ዲዲቲን መቋቋም ቻለች። የመቋቋሙ ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። አንዲት ትንኝ መርዝ ቀምሳ ቀምሳ አትለማመድም። ከሺህ ትንኞች መካከል የነርቯ በር ቅርጹ ትንሽ የተለየ፣ ወይም መርዝ የመስበር አቅሟ የበረታ አንዲት ትኖራለች። ርጭቱ ሌሎቹን ይገድላል፤ እርሷ ትተርፋለች፤ እንቁላሏም ይህንኑ ይወርሳል። ከትውልድ ትውልድ የተረፉት ብቻ ይራባሉ። ዲዲቲና ፓይረትሮይድ የሚመቱት ያንኑ የነርቭ በር ስለሆነ፣ በሩ የተለወጠባት ትንኝ ሁለቱንም ልትቋቋም ትችላለች። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ ይህ ነው። ቤት ውስጥ በየማታው የሚነፋውም፣ በየማሳው የሚረጨውም፣ በአጎበሩ ላይ ያለውም የአንድ ቤተሰብ ኬሚካል ከሆነ፣ በከንቱ የምንነፋው ሁሉ የጎረቤታችንን ሕፃን የሚጠብቀውን አጎበር ለማዳከም የበኩሉን ያደርጋል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ፒቢኦ የተባለ፣ የትንኟን መርዝ ሰባሪ ኃይል የሚያሰናክል ቅመም የተጨመረባቸውን አጎበሮች፣ በ2023 ደግሞ ሌላ ዓይነት ገዳይ ኬሚካል የተጨመረባቸውን የመከረው ተራው ፓይረትሮይድ ብቻውን በብዙ ቦታ ስላቃተው ነው።

ወደ ገዛ ከተማችን ልመለስ፤ ዛሬ እዚህ የቆምኩትም በተለይ ለዚህ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ልንለያቸው የሚገቡ ትንኞች አሉ። ቢምቢ ብለን በአንድ ስም ብንጠራቸውም ጠባያቸው አይገናኝም። አንደኛዋ አሁን የነገርኳችሁ አራቢየንሲስ ናት፤ በሌሊት ትነክሳለች፣ ዝናብ ባቆረውና ፀሐይ በሚያገኘው ውኃ ትራባለች። ሁለተኛዋ ኤደስ ኤጂፕታይ ናት፤ እግሮቿ ላይ ነጭ ቀለበት አላት። ቀን ትነክሳለች፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣና ከሰዓት በኋላ ወደ ማታ ትበረታለች። በ2013 ከተማችንን የመታው የደንጊ ትኩሳት፣ በ2019 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ ያቃተተበት ቺኩንጉንያ በእርሷ የመጡ ናቸው። ሦስተኛዋ እንግዳ ናት፤ አኖፌለስ ስቴፈንሲ። አገሯ ደቡብ እስያና የዐረቢያ ምድር ነው። በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በቀብሪ ደሃር ታየች፤ ከዚያም በባቡሩና በመኪናው መንገድ ያሉ ከተሞችን ያዘች።

ይህች ሦስተኛዋ የወባን ሕግ ቀይራብናለች። ወባ የዝናብና የገጠር በሽታ ነው ብለን ነበር የምናውቀው። ስቴፈንሲ ግን የምትራባው ሰው ባከማቸው ውኃ ውስጥ ነው፤ በበርሜል፣ በሲሚንቶ ገንዳ፣ በሮቶ፣ በግንባታ ጉድጓድ። ስለዚህ በበጋም አለች፣ በከተማም አለች። በ2019 ዓመቱን ሙሉ በድሬዳዋ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ 2,425 ሆነ። በዚህ ወረርሽኝ ላይ ጥናት ሲደረግ በሕመምተኞቹ ቤት ዙሪያ በብዛት የተገኘችው ስቴፈንሲ ነበረች። ፓይረትሮይድን ጨምሮ ብዙ ዓይነት ኬሚካል እንደምትቋቋምም ታይቷል። ደግሞ እንደ አራቢየንሲስ ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ አታዘወትርም፤ ብዙ ጊዜ የምትገኘው በፍየልና በላም በረት፣ በደጅ ባሉ መጠለያዎች ነው።

እንግዲህ ማታ በሁለት ሰዓት መኝታ ቤት ውስጥ የነፋነው ፍሊት ከእነዚህ ሦስቱ የትኛዋን አገኘ? ኤደስ ልጁን የነከሰችው ከሰዓት በኋላ ጫማ ሲፈልግ ነው፤ አሁን ከቁም ሣጥን ኋላ ጨለማ ውስጥ ናት። ስቴፈንሲ ገና ውጭ ናት። አራቢየንሲስ እኩለ ሌሊት ላይ ጭጋጉ ከጠፋ በኋላ ትገባለች። የነፋነው ጭጋግ የሚገድለው በዚያች ደቂቃ አየር ላይ ያለችውን ብቻ ነው።

በበርሜል ውስጥ ያለችው እጭ ግን መብረር አትችልም። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ባለን ሙቀት ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይፈጅባታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አድራሻዋ ይታወቃል፤ ጓሮአችን ነው። የበርሜሉን ውኃ በሳምንት አንድ ጊዜ ጨርሶ መለወጥ፣ ውስጡን በብሩሽ መፈተግና በደንብ መክደን በወር ከምንገዛው ፍሊት ሁሉ ይበልጣል። መፈተጉን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ኤደስ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውኃው በላይ፣ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው፤ ለወራት ደርቆ ቆይቶ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ውኃውን ደፍቶ እንደገና መሙላት ብቻ ስለዚህ አይበቃም። አሮጌ ጎማ፣ የተጣለ ጀሪካን፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳህንም እንደዚሁ ይታይ። ሊለወጥ የማይችል ትልቅ ገንዳ ከሆነ ለመጠጥ ውኃ የተፈቀዱ፣ እጩን ብቻ የሚገድሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ቴሜፎስ አንዱ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ፣ በግምት አትጨምሩ።

ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ውኃ አታከማቹ ብሎ መስበክ አይቻልም፤ እኔም አልሰብክም። ሰው የሚያከማቸው ስለሚቸግረው ነው። ውኃን በየቀኑ ለየቤቱ ማድረስ ከማንኛውም የርጭት ዘመቻ የማይተናነስ የወባ መከላከያ መሆኑን ግን ለከተማው ኃላፊዎች በዚህ መድረክ መናገር ግዴታዬ ነው።

ስለ ጭሱ ጥቂት ልበል። ተጠምዝዞ የሚጨሰው የትንኝ ማባረሪያ ትንኝ ያርቃል፤ ውሸት የለበትም። ነገር ግን የኬሚካሉ መጠን ጥቂት ነው፤ የቀረው የእንጨት ዱቄት፣ የኮኮናት ቅርፊትና ማጣበቂያ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የምንተነፍሰው የእርሱን ጭስ ነው። በ2003 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አንድ ጥምዝምዝ ነዶ ሲያልቅ የሚያወጣው ደቃቅ ብናኝ ከ75 እስከ 137 ሲጋራ ከሚያወጣው ጋር እኩል መሆኑን ለክቶ አሳይቷል። በረንዳ ላይ፣ ንፋስ ባለበት፣ ቡና እየተጠጣ ይጨስ፤ በተዘጋ ክፍል፣ በተለይ አስም ያለበት ልጅ ወይም አራስ በተኛችበት አይጨስ። ወይራው፣ ጥንጁቱ፣ ቀበርቾውም እንዲሁ ነው። አያቶቻችን ትንኝ እንደሚያርቁ ያወቁት በልምድ ነበር፤ የአገራችን ተመራማሪዎችም ጭሳቸው ትንኝ እንደሚያባርር በቤተ ሙከራ አረጋግጠዋል። ያባርራል እንጂ አይገድልም፤ ጭሱም ለሳንባ ያው ጭስ ነው።

በረሮን በተመለከተ ፍሊት ደካማ መሣሪያ ነው። ከማድቤት የምናያት አንዷ ስትሆን አብዛኞቹ በስንጥቅና በምድጃ ኋላ ናቸው። የጀርመን በረሮ የሚባለው ትንሹ ዓይነት ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት ጭራዋ ላይ ይዛ ትዞራለች፤ ርጭት ወደ ስንጥቁ ውስጥ ስለማይደርስ ያባርራቸዋል፣ ወደ ሌላው ክፍል ይበትናቸዋል። ክፍሉን በጭጋግ የሚሞሉት ቦምብ መሰል ቆርቆሮዎችም በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና በ2019 ተሞክረው የበረሮውን ቁጥር አልቀነሱም፤ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛና ወለል ግን በኬሚካል ለቀለቁት። የሚሻለው በመርፌ መሰል ቱቦ የሚመጣው የማጥመጃ ጄል ነው። በጠብታ በማጠፊያና በስንጥቅ ውስጥ ይደረጋል፤ በረሮዋ በልታ ጎሬዋ ገብታ ትሞታለች፤ እዳሪዋንና ሬሳዋን የሚበሉትም ይሞታሉ። ጄል ባደረጋችሁበት ቦታ ላይ ግን ፍሊት አትንፉ፤ ሽታው ያርቃቸዋልና ጄሉን አይበሉትም። ቦሪክ አሲድ የተባለው ነጭ ዱቄትም በስሱ ከተነሰነሰ ይሠራል፤ ከስኳርና ከጨው ዕቃ ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥ እንጂ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ደረስኩ፤ ትኋን። ትኋን ሰው ያስመርራል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ማንኛውንም ነገር ይሞክራል። ገበያ ሄዶ ለሰብል የተሠራ ማላታይን ወይም ዲያዚኖን ይገዛል፤ ፍራሹን ይረጨዋል፤ እላዩ ላይ ይተኛል። እነዚህ ኬሚካሎች ከፓይረትሮይድ የተለየ ዘር ናቸው። በነርቭና በጡንቻ መገናኛ ላይ መልእክቱን የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያስራሉ፤ ይህ ደግሞ በሰውም ላይ በጽኑ ይሠራል። የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ምራቅና እንባ ይፈሳል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ያስመልሳል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በሆስፒታሎቻችን ከሚታዩት የመመረዝ ሕመሞች መካከል ትልቅ ድርሻ ያላቸው እነዚሁ ናቸው።

ከዚህም የከፋ አለ። ለእህል ነቀዝ ጎተራ ውስጥ የሚደረገውን ኪኒን ለትኋን ብለው መኝታ ቤት የሚያስቀምጡ አሉ። ይህ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅና በጣሪያ አልፎ ጎረቤት ይደርሳል። ማርከሻ የለውም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንድ አፓርታማ የተደረገ ኪኒን በአጎራባቹ ክፍል የተኙ ሕፃናትን የገደለበት ጊዜ አለ። እዚያ በቤት ሠራተኛነት የሚኖሩ ልጆች፣ እኅቶች ላሏችሁ ሁሉ ይህን በስልክ ንገሯቸው፦ አሠሪ ወይም ጎረቤት ይህን ኪኒን ካደረገ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ካለ፣ ሳይዘገዩ ከሕንፃው ይውጡ።

ትኋን የሚሞተው በሙቀት ነው። ልብሱ፣ አንሶላው፣ የትራስ ልብሱ በፈላ ውኃ ይነከር። የአልጋው መገጣጠሚያ ተፈትቶ የፈላ ውኃ ይፍሰስበት፤ እንቁላሉም አብሮ ይሞታል፤ ፍሊት ግን እንቁላሉን ብዙም አይጎዳውም። የግድግዳው ስንጥቅ ይደፈን። ትኋን ሳይበላ ለወራት መቆየት ስለሚችል ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም፤ በሳምንት በሳምንት መደጋገም ይፈልጋል። ያደክማል፤ ሰውን ግን አይገድልም።

ለቁም ሣጥን ስለሚደረገው ናፍታሊን በአጭሩ፦ ሽታው ራሱ መርዙ ነው። በናፍታሊን የቆየ ልብስና ብርድ ልብስ ሳይናፈስና ሳይታጠብ ለጨቅላ ሕፃን አይልበስ፤ በተፈጥሮ አንድ ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሕፃናት ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስባቸው ይችላል።

መርጨት ግድ ሲሆን ደግሞ በሥርዓት ይሁን። ምግብና ውኃ ይከደን ወይም ይውጣ። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና የታመመ ሰው ከቤት ይውጣ። ቆርቆሮው ከሻማ፣ ከከሰልና ከቡታጋዝ ይራቅ፤ የሚገፋው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። የሚነፋው በአየር ላይ ሳይሆን ነፍሳቱ በሚደበቁበት ቦታ ነው። ከዚያ መስኮት ተከፍቶ ቤቱ ይናፈስ፤ ከዚያ በኋላ ይተኛ። አጎበር በለስላሳ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ በጥላ ይሰጣ፤ ፀሐይ ሲደጋገምበት ኬሚካሉን ያዳክመዋል።

አንድ ሰው ኬሚካል ቢጠጣ ወተት አታጠጡት። ማርከሻ አይደለም፤ ጊዜ ያባክናል፤ ራሱን የሳተ ሰውም ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። በግድ አታስመልሱት። ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡ፣ የእናንተንም እጅ ጠብቁ፤ ጠርሙሱን ወይም ቆርቆሮውን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሐኪሙ የሚሰጠው መድኃኒት በኬሚካሉ ዓይነት ይወሰናልና መለያ ጽሑፉ ነፍስ ያድናል።

ነጋዴዎቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ኬሚካል በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ አትሽጡ። ልጅ የሚያውቀው ያ ጠርሙስ ውኃ እንደሚይዝ ነው። ደንበኛ ሲለምን፣ በርካሽ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እምቢ በሉ።

እናንተ አድማጮቼ ደግሞ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ስሙ ያልተጻፈበት ፈሳሽ ወይም ዱቄት ካለ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። ወደ ደቻቱ ወንዝ አትድፉት፣ ሽንት ቤትም አትጨምሩት፤ የት እንደሚወገድ የወረዳውን የግብርና ወይም የጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ነገ ጠዋት ደግሞ በርሜሉን ገልብጡና ውስጡን በብሩሽ ፈትጉት፤ ክዳን ከሌለው ክዳን አሠሩለት፤ ጎረቤታችሁንም እንዲሁ እንዲያደርግ ንገሩት።